አያያዝ ነው ዋናው

ሆንዳ ሞተር ሳይክሌን የሰፈሩ ልጆች «አስም» ብለው ነበር የሚጠሩት። ልጆች ስም ሲያወጡ አይሳሳቱም። ጠዋት ስረግጠው መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ሲር ሲር ይላል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ያስባል፤ በመጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ ከተነሣ በኋላ እሱም ይነሣል። በ2010 ዓ.ም. ከሠራተኛ ሰፈር ተነሥቶ ሥራ የረፈደበት ሰው ካለ «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ቢል አትመኑት።

ነገሩ የሆነው በዚያ ዓመት ነው። ያኔ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል እንደ ልብ ይነዳ ነበር፤ ገደቡ የመጣው በዓመቱ፣ በ2011 ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

ሆንዳው ሲጂ 125 የሚባለው ነው። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ኩባንያው ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ከማውጣቱ በፊት መሐንዲሶቹ በታዳጊ አገሮች ሰው ሞተሩን እንዴት እንደሚይዝ አጥንተው ነበር። ዘይት የማይቀይር፣ ሰንሰለት የማይቀባ፣ ሦስት ሰው ላይ አንድ በግ ደርቦ የሚጭን ሕዝብ ሳያዩ አልቀሩም። «ይህን ሕዝብ ከመምከር ሞተሩን ማጠንከር ይቀላል» ያሉ ይመስላል፤ የሞተሩን አየር ማስገቢያና ማስወጫ ክዳኖች ለመክፈት አናቱ ላይ የነበረውን ቅንጡ ነገር አውጥተው በዘንግ የሚገፋ ቀላል አሠራር አስገቡለት፤ የኋላ ሰንሰለቱን ደግሞ አቧራ እንዳያገኘው ሙሉ በሙሉ ሸፈኑለት። ችላ ቢባልም እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ሞተር ነው። እኔን ግን አላገኙኝም ነበር።

ባለቤቴ «ወይ እሱን ወይ እኔን» አላለችም፤ ብትል ይቀለኝ ነበር። ያለችው «የልጁ ሳል ከማን እንደተጋባበት ገባኝ» ነው። በማግስቱ ደላላ ፍለጋ ወጣሁ።

ተሽከርካሪ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ደላላ ስለ ዕቃው ምንም እንደማይናገር ነው። የሚናገረው ስለ ሰው ነው። «ዶክተር ነው የያዘው» ይላል። «ሴት ናት የነዳችው» ይላል። «ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት» ይላል። ስለ ሞተሩ ስትጠይቀው ስለ ባለቤቱ ጠባይ፣ ስለ ጎማው ስትጠይቀው ስለ ባለቤቱ ትምህርት ይነግርሃል። በዚህ ከተማ የሚሸጠው መኪና ሁሉ ሐኪም የያዘው ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ተሰልፈን የምንጠብቃቸው ዶክተሮች መኪና ሊሸጡ ሄደው ነው ማለት ነው። ግን ማንም አይስቅም፤ ገዢውም ራሱን እየነቀነቀ «አያያዝ ነው ዋናው» ይላል። እኔም ስነቀንቅ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ አንዲት ቬስፓ አለች። አያያዝ በላት! የ62 ናት።»

«የ62 ስትል?»

«የ1962።»

«እንዴ! የምቀይረው ሆንዳ እኮ ከእሷ በዕድሜ ያንሳል።»

«ዕድሜ አትይ፣ አያያዝ እይ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ እኔ 34 ነኝ። ማናችን ነን የምናነክሰው?»

እውነቱን ነው። የሚያነክሰው እሱ ነው።

ቤቱ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነበር። ነበር የምለው ያ ግቢ ዛሬ ስለሌለ ነው፤ በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ አብሮ ሄዷል። ያኔ ግን በጠባብ መተላለፊያ ገብተህ፣ ሁለት የሽሮ ሽታና አንድ የቡና ጭስ አልፈህ፣ በአረንጓዴ ቆርቆሮ በር ትገባለህ። ባለቤቱ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ኮፍያ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ደላላው ሊያስተዋውቀን አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙትና ለእኔ ወንበር አመለከቱኝ።

ሳሎኑን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሲገዛ በነበረው ላስቲክ ውስጥ ሆኖ፣ ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በላስቲኩ ላይ ተሻግሮ ታትሟል። ቡፌው ውስጥ «የእንግዳ» የሚባሉት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር፣ ውሃ የመጣልኝ ግን በፕላስቲክ ኩባያ ነው። እነዚያ ብርጭቆዎች የሚጠብቁት እንግዳ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ ቤት ያሉትም እሱኑ ነው የሚጠብቁት። እና በቡፌውና በፍሪጁ መካከል፣ ከአናቷ እስከ እግሯ ነጭ አቡጀዲ የተከናነበች፣ በላዩ ላይ ዳንቴል የደረበች አንዲት ነገር ቆማለች።

ሽማግሌው ተነሥተው ዳንቴሉን አነሡና አጠፉት። ቀጥለው አቡጀዲውን የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብለው ገለጡ።

ቬስፓ ሱፐር 150። ውሃ ሰማያዊ። ደላላው የሚዋሸው ነገር አጥቶ ዝም አለ። ጭረት የለ፣ ዝገት የለ። የመብራቷ ቀለበት ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ ፊቴ ከእሷ ይልቅ ያረጀ ነው። መቀመጫዋ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ ላስቲኩ ሸክላ መስሎ ቢጫ ሆኗል። ከሥሯ ካርቶን ተነጥፎላታል። አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም።

እጄን ልሰድ ስል «ቆይ» አሉኝና ጥያቄ ጀመሩ።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ሠራተኛ ሰፈር።»

«ማታ የት ነው የምታሳድራት?»

«ግቢ ውስጥ ነው ጋሼ፣ ሸራ አለብሳታለሁ...»

«ውጭ?»

ደላላው በክርኑ ጎሰመኝ። «ቤት ውስጥ!» አልኩ። «ሳሎን።»

«ትጠጣለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ስትጠጣ በምንድን ነው የምትመለሰው?»

«በታክሲ።»

«ከዚህ በፊት ሞተር ይዘህ ታውቃለህ?»

«አሁንም አለኝ። ሆንዳ።»

«ምን ሆነ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የተጠየቅኩት ባለቤቴን በሽማግሌ ያስጠየቅኩ ጊዜ ነው፤ ያኔም «የመጀመሪያዋ ምን ሆነች?» አልተባልኩም። ስለ አስም እውነቱን ብናገር ልጃቸውን አይድሩልኝም። «አርጅቶ ነው» አልኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ቬስፓ ፊት ቆሜ።

ኪሎ ሜትሩን አጎንብሼ አነበብኩ፤ 6,312 ይላል። ቆጣሪው ዞሮ መሆን አለበት ብዬ የፔዳሉን ላስቲክ ነካሁት። ከዳር እስከ ዳር አልተበላም።

«ጋሼ፣ በ48 ዓመት ይህን ብቻ ነው የነዷት?»

«አራት ዓመት ነው የነዳኋት።» ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «የካቲት 66 ቤንዚን ጨመረ ተባለ፣ ታክሲዎቹ አድማ መቱ፣ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ትንሽ እስኪረጋጋ ብዬ ወደ ቤት አስገባኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ። እሳቸውን በቮልስ ነው የወሰዷቸው። ንጉሥ በቮልስ በሚሄድበት አገር እኔ በቬስፓ ልታይ? ትንሽ ይረጋጋ አልኩ። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። ከዚያ ያ ቀይ ሽብር። ከዚያ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። 83 ላይ እነዚህ ሲገቡ እንዲህ ነው ብዬ ካንዴላ ቀየርኩላት፤ እስኪ ትንሽ ይረጋጋ ስል ስል 90 ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት መጣ። እሱ ሲያልፍ የ97 ምርጫ። መንገድ ላይ ጎማ ሲቃጠል ጎማ ያለው ሰው ምን ብሎ ይወጣል?»

እመት ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «እኔን አንድ ጊዜ ነው የጫነኝ፤ በተጋባን ሰሞን፣ እስከ ሲኒማ ኢትዮጵያ። ከዚያ ወዲህ እሷ እዚህ ቆማ ጠረጴዛ የማስገባበት አጥቼ ኖሬአለሁ።»

«አሁንስ ተረጋጋ?» አልኳቸው፣ ሽያጩ እንዳይበላሽ ቀስ ብዬ።

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «አሁንማ ጉልበቴ አልረጋጋ አለ።»

ስለ ዋጋው ብዙ የምለው የለም። 45 ሺህ ጠሩ፤ እኔ 30 አልኩ፤ «እንግዲያው ትቀመጥ» ብለው አቡጀዲውን ማንሣት ሲጀምሩ 40 አልኩ። ደላላው ከሁለታችንም ወሰደ። ስም ማዛወሩ ሦስት ቀን ሙሉ ከመስኮት መስኮት አመላለሰኝ፤ ለዚህ የሚሆን የተለየ ወግ ያስፈልጋል።

አስነሥተው ካላሳዩኝ አልወስድም ብዬ ነበር። ከዚያው ከሳሎን ሳትወጣ አንድ ጊዜ ረገጧት። አንድ ጊዜ! ድምፅዋ እንደ ንብ መንጋ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ቡፌውንና ዳንቴሎቹን ሞላ። ማንም መስኮት አልከፈተም። እንደ ዕጣን ነው የተቀበሉት። በየወሩ በ23፣ በጊዮርጊስ፣ ለአምስት ደቂቃ ያስነሧታል አሉ። «ቅዱስ ጊዮርጊስም ባለ ፈረስ ነው፤ ይገባዋል።»

ከዚያ ኑዛዜው መጣ። ቤንዚኗ ብቻውን አይሰጣትም፤ ለአምስት ሊትር መቶ ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀልላታል። ቁልቁለት ስትወርድ ጋዙን ጭራሽ አትዝጋባት፤ ዘይቷን የምትጠጣው ከቤንዚኗ ጋር ስለሆነ ቤንዚን ከከለከልካት ፒስቶኗ ይደርቃል፤ አልፎ አልፎ ጠጋ እያደረግህ አጠጣት። ቆማ ስትሰነብት ጎማዋን አዙርላት፤ በአንድ ጎን ከተኛች ትጣመማለች። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጃቸው መሪዋ ላይ ነበር። ማርሿ የሚቀየረው በእጅ፣ በግራ መጨበጫው ነው፤ አንድ ሁለት ሦስት አራት እያሉ ሲያዞሩት አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ላስቲኩ ለስልሶ አየሁት። በዚያች ቬስፓ ላይ ያየሁት ብቸኛ የእርጅና ምልክት እሱ ነው። ሰውዬው ሳሎን ውስጥ ቆመው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሽ ሲቀያይሩ ኖረዋል።

የመጀመሪያ ጉዞዬን በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር አደረግሁ። መሥሪያ ቤቴ እዚያው ነው። ዓለም ሁሉ አየኝ። ሚኒባስ አስቁሞ መንገድ የሰጠኝ ሾፌር ነበር፤ ይህን የምላችሁ ሰው የአዲስ አበባን ሚኒባስ ለ20 ዓመት አውቀዋለሁ። እየወረድኩ ጋዟን ጠጋ እያደረግሁ አጠጣኋት። አስም ላይ ሆኜ የማይታዩኝ የነበሩ ሰዎች ሰላም አሉኝ። ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመኝና ሊከሰኝ ነው ስል «ስንት ገዛሃት?» አለኝ።

ማታ ስመለስ ዳገቱን ጀመርኩ። ጥቁር አንበሳን አለፍኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ፣ ልክ የሴባስቶፖል ምስል ፊት ለፊት፣ ትንፋሽ አጠራት። ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨችና ጸጥ አለች።

ረገጥኳት፣ እንቢ። ደግሜ ረገጥኳት። በአዲስ አበባ የቆመ ሞተር ብቻውን አይቆምም፤ ሳይጠራ የሚመጣ ባለሙያ ከበበኝ። «ካንዴላው ነው» አለ አንዱ። «የለም፣ ካርቡራተሩ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች።» «ማርሚታዋ ተደፍኖ ነው።» «ጓርኒሲዮን በልታለች።» «ፍሪሲዮኑን እዩት እስኪ!» ካቻቢቴ ያለው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ያለው ፒንሳ አወጣ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከመካከላቸው ጣሊያንኛ የሚችል የለም፤ የተጨቃጨቁት ግን በጣሊያንኛ ነው። በ1933 ጣሊያንን ከአገር አስወጥተናል፤ ከጋራዥ ግን አልወጣም። ታርጋውን፣ ቦሎውን፣ ፍሬቻውን፣ ጎሚስታውን ሰጥቶን፣ ፒያሳንና ካዛንቺስን አስይዞን ሄደ።

የስብሰባው ውሳኔ «ትገፋ» የሚል ሆነ። ወደ ላይ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እርግጥ የሳቸው 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር፣ የእኔዋ አንድ ኩንታል ብትሞላ ነው። ግን እሳቸው ሠራዊት ነበራቸው። የእኔ ባለሙያዎች ሃምሳ ሜትር ገፍተው «ስልክ ደውልልኝ» እያሉ አንድ በአንድ ተበተኑ። ማዘጋጃ ቤት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ምኒልክ አደባባይ ላይ አቆምኳትና ተቀመጥኩ።

ሎተሪ የሚያዞር አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ቬስፓዋን አዩ፣ ቀና ብለው ፈረሱ ላይ ያሉትን ምኒልክን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«የማን ሥሪት ናት?»

«የጣሊያን።»

«ታዲያ ምን አስገረመህ? ጣሊያን እኚህን ሰውዬ ሲያይ እግሩ ይያዛል። ከ88 ጀምሮ ነው።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሳቀ። አዲስ የባለሙያ ቡድን ተሰበሰበ፤ ካንዴላው እንደገና ወጣ፣ ተነፋ፣ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሊስትሮ ልጅ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ከመቀመጫዋ ሥር ያያል።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ትንሽ እጀታ ናት። አጠገቧ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ኤ፣ አር፣ ሲ። እጀታዋ ኤ ላይ ናት። «ኤ ማለት አቁም ነው» አለ አንዱ ባለሙያ፣ በእርግጠኝነት። ልጁ አልሰማውም፤ ወደ አር ገፋት። ረገጥኳት። በአንዱ ተነሣች።

ለካ ሽማግሌው ታንከሯ ውስጥ የተዉላት ትንሽ ቤንዚን ብቻ ኖሯል፤ አር ደግሞ የመጠባበቂያው ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከዚህ ያለውን ዳገት የገፋኋት ቤንዚን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው። ስምንቱ አዋቂዎች እርስ በርስ ተያዩ። ካቻቢቴ የያዘው «እኔም እሱን ልል ነበር» አለ።

ሰፈር ስደርስ ጎረቤቶቼ በር ላይ ወጡ። አስም ሲመጣ በር ይዘጉ የነበሩት ማለቴ ነው። አንዷ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ውይ! ይህችን ዕቃ በዚህ ጭቃ ነዳሃት? ምነው ልጄ፣ ምን አደረገችህ?» አሉ። የዕድራችን ዳኛ ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። ባለቤቴ ወጥታ ዝም ብላ ዞረቻት። ከዚያ ገብታ የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፋችው። ለአስም በረንዳ የከለከለች ሴት ናት።

ያን ሰሞን ስለ ቬስፓ ማንበብ ጀመርኩ። የሠራት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል ጣሊያናዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ ሰውየው ሞተር ሳይክል ጭራሽ አይወድም ነበር፤ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ለመቀየር ያስቸግራል ባይ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ደበቀው፣ እግር ፊት ለፊት ጋሻ አቆመ፣ የፊት ጎማውን ልክ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው። ፒያጆ የሚባለው ፋብሪካ ቀድሞ የሚሠራው አውሮፕላን ነበር፤ በጦርነቱ ከፈራረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደዚህች ዞረ። ጣሊያን በአውሮፕላን ያደረገብንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ የጠባይ መሻሻል ነው። «ቬስፓ» ማለት ተርብ ማለት ነው። የእኔዋ ተርብ ሳሎን ውስጥ ቆማ ማንንም ሳትነድፍ ከረመች።

ከረመች ያልኩት በእውነት ነው። የገዛኋት ግንቦት መጨረሻ ነበር። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ፤ በዝናብ ማን ያወጣታል? ክረምቱ እስኪወጣ አልኩ። እስከዚያ በምን ልሂድ? አስምን ለጊዜው ብዬ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። መካኒኩ ዘይቱን ሲያፈስሰው እንደ ሬንጅ ወጣ፤ አየው፣ አየኝ፣ ምንም አላለም። ቀለበት ቀየረለት፣ ሰንሰለት አሰረለት፣ 3,800 ብር ጠየቀኝ። አስም በማግስቱ በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ። ተገርመን ተያየን።

መስከረም ሲጠባ መንገዱ ደረቀ። አቧራ ሆነ። «በዚህ አቧራ?» አለች ባለቤቴ። ቀጥሎ መስቀል መጣ፤ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ በዓሉ እስኪያልፍ አልን። በዓሉ ሲያልፍ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ሰፈራችንን ቆፈሩት። ቧንቧው ሲቀበር ጉድጓዱ ሳይደፈን ቀረ።

ቬስፓዋ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥታለች። ሁለቱም ለሠርግ ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ ሙሽራ ሆኖ «ለፎቶ ብቻ» ብሎ ለመነን፤ ሚዜዎቹ ተረባርበው እየገፉ ወሰዷት፣ ሙሽራዋ ላስቲኩ ላይ በጎን ተቀመጠች፣ ሚዜዎቹ እየገፉ መለሷት። ሞተሯ አልተነሣም። ፎቶው ላይ ግን ነፋስ እንደሚመታቸው ሆነው ነው የተነሡት። ሁለተኛውም ሠርግ እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ላይ ባለቤቴ ሚዜዎቹን እጃቸውን አስታጥባለች።

ዳንቴሉን መቼ እንደሠራችው አላየሁም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መሪዋ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። በዳር ዳሩ አበባ አለው። ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳውን መቀመጫዋ ላይ ጥሎ ኖሮ ባለቤቴ በጥፊ ልትለው ስትል ደረስኩለት፤ ከጉልበቱ ላይ ደም እየፈሰሰ ከትምህርት ቤት የመጣ ቀን እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም።

በጥቅምት ጊዮርጊስ ሽማግሌው ሊጠይቁን መጡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። በር ላይ አስም ቆሟል፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሞተሩ ገና ሳይበርድ እየጨሰ። ሰላምም ሳይሉት አለፉት። ቡና ተፈላ። ባለቤቴ ከቡፌው የእንግዳ ብርጭቆ አውጥታ ውሃ ስትቀዳላቸው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ስንጠብቀው የኖርነው እንግዳ ለካ እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛውን ሲኒ ሲጨርሱ ተነሥተው ወደ ቬስፓዋ ሄዱ። ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው አበባውን አዩ። አነሡት። አጎንብሰው ቆጣሪዋን አነበቡ።

«6,317» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለገሃር ደርሰህ መልስ?»

«አዎ። አንድ ቀን ነው።»

ዝም አሉ። እኔም ፊቴን የማሳርፍበት አጣሁ። አርባ ሺህ ብር ከፍዬ፣ አደራ ተቀብዬ፣ አምስት ኪሎ ሜትር።

«ትንሽ እስኪረጋጋ ብዬ ነው እኮ ጋሼ» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ የመብራቷን ቀለበት ወለወሉ፤ ዳንቴሉን አበባው ወደ ፊት እንዲሆን አዙረው አለበሷት።

«ና እስኪ» አሉኝ፣ የኋላ ጎማዋን እያሳዩኝ፣ «በዚያ በኩል ያዛትና እናዙርላት። በአንድ ጎን ተኝታለች።»